ስለ በገና በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

ዐቢይ ጾም ሲገባ በገና ከየቤቱና ከየስልኩ ይሰማል። ከእሱ ጋር ብዙ የተሳሳተ ወሬም ይወራል። በጣም የምወደው መሣሪያ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«በገና የቅዳሴ መሣሪያ ነው» ይባላል። አይደለም። በማኅሌት የምናያቸው ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ናቸው። በገና መንፈሳዊ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ዋና ቦታው ቤት ነው። ሰው ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ይጸልይበታል።

«የመነኮሳት ነው፣ ሴት አትደረድረውም» የሚለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። በገና ለረጅም ዘመን በመኳንንት ቤት የኖረ መሣሪያ ነው። አፄ ቴዎድሮስና አፄ ምኒልክ ይደረድሩ ነበር ይባላል፤ እቴጌ ጣይቱም በበገና ስማቸው ይነሳል። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ከሚማሩት መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው።

«ትልቅ ክራር ማለት እኮ ነው» የሚሉም አሉ። ዘመዳሞች ናቸው፣ እሺ። ክራር ግን አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው፣ ይዘፈንበታል፣ ይጨፈርበታል። በገና ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ አሥር አውታር አለው፣ ለጭፈራ አይነሳም።

አሁን ወደ ድምፁ። ያ «ዝዝዝ» የሚለው ንዝረት የቀረጻ ችግር ወይም የስፒከር ብልሽት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው! አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ብርኩማውን እየነካካ ያንን ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋ ትንሽ ከቦታዋ ከተንቀሳቀሰች ድምፁ ይጠፋል ወይም ይበላሻል፣ ስለዚህ ደርዳሪው ገና ሳይጀምር አሥሩንም አንድ በአንድ እየነካ፣ እየሰማ፣ መልሶ እየገፋ ያስተካክላል፤ ይህ ራሱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

«አሥሩም አውታር ይመታል» ለሚለው መልሱ እንደ አደራደሩ ነው። በጣት ሲደረደር አንዳንዶቹ አውታሮች አይመቱም፣ ጣት ያርፍባቸዋል። በግርፍ (አውታሩ በሚመታበት ትንሽ መምቻ) ሲሆን ግን አሥሩም ይሠራሉ። ቁጥሩን ብዙዎች ከዐሠርቱ ትእዛዛት ጋር ያያይዙታል፤ መዝሙረ ዳዊትም «ዐሥር አውታር ባለው በገና» ይላል።

«ከጾም ውጭ መስማት ክልክል ነው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፦ ልማዱ በጾም ይበረታል እንጂ ክልከላ የለም።

ሌላው ደግሞ ዘና ለማለትና ለእንቅልፍ ብቻ የሚከፍቱት ሰዎች ሐሳብ ነው። በገና ያረጋጋል፣ አልክድም። ግን ግጥሙ የሚያወራው ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ንስሐ ነው። ደርዳሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዱን ዜማ የሚደጋግመው አድማጩ ቃሉን እያሰበ ራሱን እንዲመረምር ነው። ተመስጦ የምንለው ይሄ ነው፤ ቃሉን ካልሰማን ግማሹ ቀርቶብናል።

በመጨረሻ፣ «በገና የተዳከመው ወጣቱ ስለጠላው ነው» ይባላል። በደርግ ዘመን መንፈሳዊ ነገር ከሬዲዮ ሲገፋ በገናም አብሮ መገፋቱን ለምን እንረሳለን? እንደ አለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ይዘውት ባይቆዩ ኖሮ ዛሬ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ወጣቱማ ዕድሉን ሲያገኝ ገዝቶ እየተማረ ነው።