የሲጋራ ግብር፦ ከጅማ ኪስ ወጥቶ የት ይገባል?

ጅማ መርካቶ ላይ ሲጋራ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉ ፓኮ አይገዛም። ከሱቅ በደረቴ ወይም ከኪዮስክ አንድ ሁለት ፍሬ ይወስዳል። በርጫ ላይ ከሆነ ደግሞ ይደጋግማል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በፍሬ መሸጥን ከልክሏል። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። ይኸው አዋጅ የፓኮውን 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ ያስገድዳል። ችግሩ፣ በፍሬ የሚገዛ ሰው ፓኮውን አያየውም። ማስጠንቀቂያውም አይደርሰውም፣ ሲጋራው ኮንትሮባንድ ይሁን ሕጋዊም አያውቅም። ኮንትሮባንድ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ሰባራ ሳንቲም አያገኝበትም።

ሕጋዊው ሲጋራ ግን ግብሩ ጅማ ከመድረሱ በፊት ተከፍሎበታል። አገር ውስጥ የተመረተው ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ከውጭ የመጣው ጉምሩክ ላይ ይከፈልበታል። የኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ሸቀጦች ላይ የሚጣል ታክስ) አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ ሁለት ታክስ ደርቦ ጥሏል። አዋጁ ሲወጣ አንደኛው የፋብሪካ ዋጋው 30 በመቶ ነበር። ሁለተኛው 20 ፍሬ በያዘ ፓኮ ላይ 8 ብር ነበር፤ በፍሬ 40 ሳንቲም ማለት ነው። ከዚያ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፤ የሚታሰበውም ኤክሳይዙ ተደምሮበት ነው።

በምሳሌ እንየው። የፋብሪካ ዋጋው 20 ብር የሆነ ፓኮ አለ እንበል። 30 በመቶው 6 ብር ነው፤ 8 ብር ሲጨመርበት ኤክሳይዙ 14 ብር ይሆናል። ዋጋው 34 ብር ደረሰ። ቫቱ 5 ብር ከ10 ሳንቲም ነው። በድምሩ 39 ብር ከ10፤ ከዚህ ውስጥ ግብሩ 19 ብር ከ10 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግብሩ ከችርቻሮ ዋጋው ቢያንስ 75 በመቶ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ምሳሌ ግማሽም አልሞላ። የነጋዴው ትርፍ ሲገባበት ድርሻው ይባስ ይወርዳል።

ቢሆንም አዋጁ ከበፊቱ ይሻላል። በ1995ቱ አዋጅ ታክሱ 75 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ የሚሰላው ግን በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር። ወጪው ዝቅ ብሎ ከተመዘገበ ታክሱም አብሮ ዝቅ ይላል። ቁርጡ 8 ብር ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ርካሹንም ውዱንም እኩል ይይዛል። ጠላቱ የዋጋ ንረት ነው። በየጊዜው ካልተስተካከለ የ8 ብር አቅም ይሟሽሻል፣ ሲጋራም ከሌላው ሸቀጥ አንጻር እየረከሰ ይሄዳል። ለእኔ ከገቢው በላይ የሚያሳስበው ይሄ ነው፤ ገና ማጨስ ያልጀመረውን የኮሌጅ ተማሪ የሚያስቆመው ዋጋው ነውና።

የአገር ውስጡ አምራች ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ለአሥርት ዓመታት የመንግሥት ሞኖፖል ነበር። የጃፓኑ ጃፓን ቶባኮ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ግድም አሳደገ። እንግዲህ መንግሥት አሁን በዋናነት ግብር ተቀባይ ሆኗል።

ድሮ በአባ ጅፋር ዘመን የጅማ ገቢ ጅማ ላይ ይሰበሰብ ነበር። ኬላው የራሷ፣ የሄርማታ ገበያ ቀረጥም የራሷ ነበር። ዛሬ ኤክሳይዙን የሚሰበስበው የፌዴራል መንግሥት ነው። ክልሎች ከጋራ ገቢዎች የሚያገኙትን ድርሻ ቀመር የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጅማ የሚደርሳት የኦሮሚያ ክልል በሚመድበው በጀት በኩል ነው፤ ያ ብር ከሲጋራ ይምጣ ከሌላ አይለይም።

በቀጥታ እዚያው የሚሰበሰበው የነጋዴው የትርፍ ግብር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። ደረጃ «ሐ» በ2017 ዓ.ም. እስኪቀር ድረስ ባለ ኪዮስኩ ብዙውን ጊዜ የዚህ የትንሹ ነጋዴ ደረጃ ግብር ከፋይ ነበር፤ ሲጋራው፣ ሳሙናውና ስኳሩ በአንድ ላይ ተገምቶ ቁርጥ ይወጣለት ነበር። ፈቃድ የሌለው ሱቅ በደረቴ ግን የትርፍ ግብሩንም አይከፍልም።