የሕፃናት ተቅማጥና የደም ምርመራ፦ ስለ ሮታ ቫይረስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደሙ ቢመረመር ቫይረሱ ይታወቃል»

ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው «ደሙን እዩልኝ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። በሕፃናት ላይ ተቅማጥና ትውከት ከሚያመጡት አንዱ ሮታ ቫይረስ ነው፤ በደሙ ውስጥ የሚፈለገው ግን ቫይረሱ ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ ነው። ይህ እስኪመረት ቀናት ያልፋሉ፤ የሮታ ተቅማጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 8 ቀን ስለሚቆይ፣ አንቲቦዲው ሲታይ ልጁ እየዳነ ነው። ተመራማሪዎች ቢጠቀሙበት እንኳ በሕመሙ መጀመሪያና ከሳምንታት በኋላ ሁለት ናሙና ወስደው ያነጻጽራሉ። ለጥናት ይሆናል፤ ዛሬ ለታመመ ልጅ አይደርስለትም።

«ፖዘቲቭ ነው፤ ስለዚህ አሁን ሮታ ይዞታል»

ይህ የባሰ ያሳስታል። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት 5 ዓመት ሳይሞላው ሮታ ያልያዘው ልጅ በየትኛውም አገር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በደሙ የተገኘው አንቲቦዲ የአምናው ሊሆን ይችላል። ገና የጥቂት ወር ሕፃን ከሆነም በእርግዝና ወቅት ከእናቱ የተሻገረለት ይሆናል። በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ የሚሰጠው ክትባትም አንቲቦዲ እንዲመረት ያደርጋል። (ለታይፎይድ የሚታዘዘው፣ በደም ውስጥ አንቲቦዲ የሚፈልገው የዊዳል ምርመራም ስንቱን ታይፎይድ የሌለበትን ሰው ያለበት ያስመሰለው በዚሁ መንገድ ነው።)

«ሰገራው ታይቶ ምንም አልተገኘም»

በተራ ማይክሮስኮፕ አሜባና ጃርዲያ ይታያሉ፤ ቫይረስ አይታይም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ሜልቦርን ውስጥ ሮታን ያዩት ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ላይ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነበር። ዛሬ ቫይረሱ ራሱ ከሰገራ በፈጣን የአንቲጂን (የቫይረሱን አካል በሚፈልግ) ምርመራ ወይም በፒሲአር (የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ) ይገኛል። ግራ የሚያጋባው በፈጣኑ ኪት ውስጥም አንቲቦዲ መኖሩ ነው፤ እሱ ግን ቫይረሱን እንዲይዝ ፋብሪካ ያስቀመጠው እንጂ የልጁ አይደለም።

«አንዴ ከያዘው አይደግመውም»

ይደግመዋል፤ ብቻ እየቀለለ ይሄዳል። በ1996 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ በሜክሲኮ ሲቲ 200 ሕፃናትን ከልደታቸው ጀምሮ የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ሁለት ጊዜ በሮታ ከተያዙት መካከል ዳግመኛ መካከለኛ ወይም ከባድ ተቅማጥ የገጠመው የለም።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው»

አይደለም። ጥርስ በሚወጣበት ዕድሜ ልጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ነው ተቅማጡ ከጥርሱ ጋር የሚገጣጠመው።

«ውጤት ሳይመጣ ሕክምና አይጀመርም»

የቫይረሱ ስም ቢታወቅም ባይታወቅም መጀመሪያ የሚደረገው ያው ነው፦ ኦአርኤስ ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ጡት አለማቋረጥ፣ ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን (ከ6 ወር በታች ላለ በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊግራም)። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።