በኤክሴል ማክሮ «ፎርከለር» የትኛው ቀለም ነው?

ኤክሴል ላይ ሬክታንግል ስለን በማክሮ (ኤክሴልን በሚያዝ አጭር ኮድ) ቀይ ልናደርገው ስንል፣ የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ «ባክከለር» (BackColor፣ የጀርባ ቀለም) ነው። የሚቀባው ጀርባው አይደል? ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ይሄዳል፤ ቅርጹ ግን ሰማያዊ እንደሆነ ቁጭ! እኔን ግማሽ ቀን በልቶብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅርጹን ሆድ የሚሞላው «ፊል» (Fill፣ ሙሌት) ነው። የፊል ዋና ቀለም ደግሞ «ፎርከለር» (ForeColor፣ የፊት ቀለም) ይባላል፤ ስሙ ያሳስታል እንጂ። ባክከለር ሁለተኛ ቀለም ነው። ሥራ የሚያገኘው ሙሌቱ ባለ መስመር ወይም ባለ ነጠብጣብ ሲሆን፣ ወይም ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ሲሸጋገር ነው። ስለዚህ በፊል ስር ላለው ፎርከለር በአርጂቢ (RGB፣ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን) 255፣ 0፣ 0 እንስጠው፤ ቅርጹ ወዲያው ቀይ ይሆናል።

ጠርዙም የራሱ ፎርከለር አለው፤ እሱን «ላይን» (Line፣ መስመር) ስር ፈልጉት። ውስጡ ያለው ጽሑፍ በሁለቱም አይነካም።