ካውንተር ፓንች ምንድን ነው?

ቦክስ ስናይ ዓይናችን የሚከተለው ወደ ፊት የሚሄደውን ሰው ነው። ብዙ የሚሰነዝረው፣ ተጋጣሚውን ገመድ ላይ የሚያጣብቀው፣ እሱ የሚያሸንፍ ይመስለናል። ከዚያ ድንገት እሱ ራሱ ዝርር ይላል። ምን እንደመታው ለማወቅ ቪዲዮውን ወደ ኋላ እንመልሳለን። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ካውንተር ፓንች ነው።

ካውንተር ፓንች ራሱን የቻለ የቡጢ ዓይነት አይደለም። ጃብም (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚላክ ፈጣን ቡጢ)፣ ሁክም (ከጎን ታጥፎ የሚመጣ)፣ አፐርከትም (ከታች ወደ ላይ የሚወጣ) ካውንተር ሊሆን ይችላል። ካውንተር የሚያሰኘው ሰዓቱ ነው። ተጋጣሚ እየሰነዘረ ሳለ፣ ወይም ሰንዝሮ እጁን ሳይመልስ የሚያርፍበት ምት ነው።

ለምን ይጎዳል? ሁለቱም እጆች ፊት ላይ ሲሆኑ አገጭ ተሸፍኗል። ግራ እጅ ለጃብ ሲዘረጋ ግን በዚያ በኩል ያለው መከላከያም አብሮ ይሄዳል። ክብደትም ወደ ፊት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚገባው ቡጢ ላይ የተመቺው የራሱ አመጣጥ ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ሐሳቡ ሁሉ መምታት ላይ ስለሆነ የሚመጣበትን አያየውም። ያላዩት ቡጢ ደግሞ ካዩት ይልቅ ይጥላል፤ አንገትን ለማጠንከር እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

እኔ ለዚህ ከሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ከሁዋን ማኑዌል ማርኬዝ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ከፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያዎ ጋር አራት ጊዜ ተጋጥሟል። እ.ኤ.አ. በ2004 አቻ ወጡ፤ በ2008 እና በ2011 ፓኪያዎ በነጥብ አሸነፈ። አራተኛው ዲሴምበር 8 ቀን 2012 ላስ ቬጋስ ውስጥ ነበር። ማርኬዝ በ3ኛው ዙር ጣለው፤ በ5ኛው ዙር እሱ ራሱ ወደቀ። 6ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ፓኪያዎ የበላይ መስሎ ነበር። ግራኙ ፓኪያዎ ቀኝ እጁን አስቀድሞ ዘው ብሎ ገባ። ማርኬዝ አልሸሸም። ቀኝ እጁን አጭር አድርጎ ሰነዘረ። ፓኪያዎ በግንባሩ ተደፋ። ያን ቪዲዮ ቀስ አድርጋችሁ እዩት፤ ቡጢው ረጅም መንገድ አልሄደም፤ መንገዱን የጨረሰው ፓኪያዎ ነው።

ሁሉም ግን እንደ ማርኬዝ አይመልስም። ፍሎይድ ሜይዌዘር ግራ ትከሻውን ወደ አገጩ ከፍ አድርጎ ምቱን በትከሻው ያንሸራትትና ቀኙን ይልካል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል፤ የተጋጣሚው ጃብ አየር ይመታል፤ እጁ ሳይመለስ የሜይዌዘር ቀኝ እዚያ ነው።

ችግሩ ተጋጣሚው ካልሰነዘረ የሚመለስ ነገር አለመኖሩ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ቦክሰኛ ዳኞች ዓይን ውስጥም ሰነፍ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ጎበዞቹ ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ይጋብዛሉ። እጃቸውን ሆን ብለው ዝቅ ያደርጋሉ፣ ለዘብ ያለ ጃብ ይልካሉ፣ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋሉ። ካውንተር ለሚጠብቅ ቦክሰኛ መድኃኒቱም ያው ማታለል ነው። የምትመታ መስለህ ትቀራለህ፤ እሱ ለመመለስ ሲወጣ አሁን የተከፈተው እሱ ነው።

አንድን ቦክሰኛ ስትገመግሙ ታዲያ የሚመታውን እጅ ተዉትና ሲመለስ የት እንደሚያልፍ ተመልከቱ። ጀርመናዊው ቦክሰኛ ማክስ ሽመሊንግ ያደረገው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ጆ ሉዊስ በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም ነበር። ሽመሊንግ የሉዊስን ግጥሚያዎች በፊልም አይቶ አንድ ነገር ያዘ፦ ሉዊስ ከጃብ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል። ጁን 19 ቀን ኒው ዮርክ ላይ ቀኙን በዚያው ክፍተት ደጋግሞ አስገባ። በ4ኛው ዙር ጣለው፤ በ12ኛው በዝረራ ጨረሰው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተገናኙ። ሉዊስ በዚህኛው ሰው ፊት ሲያመነታ መቆየት አላሰኘውም። ደወሉ እንደተደወለ ላዩ ላይ ወጣበት፤ በ1ኛው ዙር ሁሉም ነገር አለቀ። ሽመሊንግ የሚመልስበት ጊዜ አላገኘም።