በኪያንቲ የወይን አገር የብዙ ቀናት የፈረስ ጉዞ

በመካከለኛው ጣሊያን፣ በቶስካና ግዛት፣ በፍሎረንስና በሲዬና ከተሞች መካከል የተዘረጋው የኪያንቲ ኮረብታማ ምድር በወይን ጠጁ ዓለም ያወቀው ነው፤ በፈረስ ጀርባ ለቀናት የሚታለፍ አገር ስለመሆኑ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። ተጓዦቹ አካባቢውን በሚያውቅ መሪ እየተመሩ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኮርቻ ላይ ይቆዩና ሲመሽ በእርሻ ቤቶች ያድራሉ። ሻንጣቸው በመኪና ስለሚቀድማቸው ከኮርቻው ጋር የሚታሰረው ከረጢት ውኃ፣ የዝናብ ልብስና ቀለል ያለ ስንቅ ብቻ ይይዛል።

ኪያንቲ ክላሲኮ ተብሎ የተከለለው መሬት ስፋቱ 70,000 ሄክታር ያህል ሲሆን በወይን ተክል የተሸፈነው ግን ከዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የሚበዛው ደን ነው፤ ኦክ፣ ቼስትነትና ቁጥቋጦ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ወይኑን እንጂ ደኑን ልብ አይለውም፣ ፈረሰኛው ግን ግማሽ ቀን በጥላ ሲጓዝ ውሎ ድንገት ወደ ብርሃን ሲወጣ የወይኑን ረድፍ ከላይ ሆኖ ያየዋል። የአገሩን አቀማመጥ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሬቱ ጋሌስትሮ በሚባለው ተፈርካሽ ድንጋይና አልቤሬዜ በሚባለው ጠንካራ የኖራ ድንጋይ የተሞላ ነው፤ ለወይኑ የሚስማማው ይኸው ድንጋይ ለፈረስ ሰኮና ፈተና ነው። አስፋልት ያልለበሱት የኮረት መንገዶች ከቀለማቸው የተነሣ ነጭ መንገዶች ይባላሉ። እነዚህ መንገዶች እንዲጠበቁ ከረዱት ነገሮች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ ጋዮሌ ከተባለችው የኪያንቲ ከተማ የሚነሣው ኤሮይካ የተባለው የአሮጌ ብስክሌቶች ጉዞ ነው፤ ፈረሰኞችም ተጠቃሚ ሆነዋል።

ከሮማውያን በፊት በመካከለኛው ጣሊያን የኖረው የኤትሩስካውያን ሕዝብ በዚህ ምድር ወይን ያለማ እንደነበር ይታወቃል። በጽሑፍ በግልጽ የተቀመጠው ታሪክ የሚጎላው ግን ከ1716 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የቶስካና ታላቅ መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ ዴ ሜዲቺ ባወጡት አዋጅ ኪያንቲን ጨምሮ የአራት የወይን አካባቢዎች ወሰን ተለየ። የኪያንቲ ወሰን ከስፔዳሉዞ ተነሥቶ በግሬቬና በፓንዛኖ ያልፍና የራዳን፣ የጋዮሌንና የካስቴሊናን አገር አጠቃሎ እስከ ሲዬና ግዛት ድንበር ይደርሳል። ዛሬ አብዛኞቹ የፈረስ ጉዞዎች የሚያቋርጡት ይህንኑ መሬት ስለሆነ፣ አዋጁ የዘረዘራቸውን ስሞች ተጓዡ በየቀኑ በየመንገዱ ምልክት ላይ ያነባቸዋል።

ስለ ድንበሩ የሚነገረው ትረካ ራሱ የፈረስ ታሪክ ነው። ፍሎረንስና ሲዬና በጦርነት ሲሰለቹ፣ ዶሮ ሲጮኽ ከየከተማቸው የሚነሡ ሁለት ፈረሰኞች የሚገናኙበት ቦታ ወሰን እንዲሆን ተስማሙ ይባላል። የሲዬና ሰዎች ነጭ ዶሮ መርጠው ሲቀልቡ፣ ፍሎረንሶች ጥቁር ዶሮ አስርበው አቆዩ፤ የተራበው ዶሮ ገና ሳይነጋ ጮኸና የፍሎረንሱ ፈረሰኛ በሲዬና አቅራቢያ እስካለችው ፎንቴሩቶሊ ድረስ ገሰገሰ። በሰነድ የተረጋገጠ ባይሆንም፣ ወሰኑ በእርግጥ ከፍሎረንስ ይልቅ ለሲዬና እጅግ የቀረበ ስለነበር ትረካውን እንዲሁ ማጣጣል ተገቢ አይመስልም። ጥቁሩ ዶሮ የኪያንቲ ከተሞች ጥንታዊ ማኅበር ዓርማ ነበር፤ በ1924 በራዳ የተሰባሰቡ 33 የወይን አምራቾች ማኅበር ሲመሠርቱም የወይናቸው ምልክት አድርገውታል።

ከጋዮሌ በስተደቡብ የሚገኘው የብሮሊዮ ግንብ በብዙ ጉዞዎች ውስጥ አይታለፍም። ግንቡ ከ1141 ጀምሮ ከሪካሶሊ ቤተሰብ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከተዋሐደችው ጣሊያን የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አንዱ የነበሩት ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊ ከብዙ ዓመታት ሙከራ በኋላ በ1872 በጻፉት ደብዳቤ የኪያንቲን ወይን ቅንብር ገልጸዋል፦ መዓዛውና ጉልበቱ ሳንጆቬዜ ከተባለው ቀይ ወይን፣ ልስላሴው ካናዮሎ ከተባለው ሌላ ቀይ ወይን፤ ማልቫዝያ የተባለው ነጭ ወይን ግን ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥ ጠጅ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። በ1932 መንግሥት የኪያንቲን ስም ለሰፊ አካባቢ ሲፈቅድ ጥንታዊው መሬት ክላሲኮ የሚል ቅጽል ተሰጠው። ውሳኔው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አገሩን በእግረ ፈረስ የዞረ ሰው ግን የአሮጌው ወሰን ሰዎች ቅሬታ ምክንያታዊ መሆኑን አያጣውም።

ተጓዦች የሚያድሩባቸው የድንጋይ ቤቶች ታሪክ ከወይኑ አይለይም። ለመቶዎች ዓመታት መሬቱ የሚታረሰው በእኩል አራሽ ሥርዓት ነበር፤ ባለርስቱ መሬትና ቤት ይሰጣል፣ ገበሬው ጉልበቱን ያፈሳል፣ ምርቱ እኩል ይካፈላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬዎቹ ወደ ከተማ ፈለሱ፤ በ1964 የወጣ ሕግም አዲስ የእኩል እርሻ ውል ከለከለ። ባዶ የቀሩት ቤቶች ብዙዎቹ ፈራርሰው ነበር። በ1985 የጣሊያን ሕግ ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ እንዲያሳድር መልክ ሲያስይዝ ቤቶቹ ዳግም ነፍስ ዘሩ። የፈረስ ጉዞውም ሊስፋፋ የቻለው በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ማደሪያና ግርግም በመገኘቱ ነው።

ከሚጋለቡት ፈረሶች መካከል ከቶስካና ባሕር ዳርቻ የመጣው የማሬማ ፈረስ ይገኝበታል፤ አጥንተ ወፍራም፣ ታጋሽና ለድንጋያማ መንገድ የተመቸ ነው። በዚህ ፈረስ ከብት የሚያግዱት እረኞች ቡቴሪ ይባላሉ። በ1890 አሜሪካዊው የፈረስ ትርኢት አቅራቢ ቡፋሎ ቢል ወደ ሮም በመጣ ጊዜ በሮም ዙሪያ ካለው የላዚዮ ግዛት ቡቴሪዎች ጋር ተወዳድሮ እንደተሸነፈ ይተረካል፤ ስለ ውጤቱ ግን ዘገባዎቹ አይስማሙም። በ1868 በሊቮርኖ የተወለደው መኮንን ፌዴሪኮ ካፕሪሊ ያስተማረው፣ ጋላቢው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የፈረሱን ጀርባ ነጻ የሚያደርግበት አቀማመጥ ደግሞ በኪያንቲ ዳገቶች ላይ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል።

ቀኑ የሚጀምረው ፈረሱን በመጥረግ ነው። ጋላቢው ኮርቻው የሚያርፍበትን ጀርባ በእጁ ይዳስሳል፤ የደረቀ ላብ ወይም አንዲት እሾህ ብትቀር እስከ ቀትር ቁስል ትሆናለችና። ቀጥሎ የፈረሱን እግር አንሥቶ በሰኮናውና በብረት ጫማው መካከል የተሰነቀረ ጠጠር ካለ በመንጠቆ ያወጣል፤ በነጭ መንገዶች ላይ ይህ በዕረፍት ሰዓትም ይደገማል። መቀነቻው መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ይታሰርና ፈረሱ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ይጠብቃል። መንገዱ የሚገፋው በእርምጃ ነው፤ ሶምሶማና ግልቢያ ለለሰለሰ የደን መንገድ ይጠበቃሉ፣ ቁልቁለት ሲጠና ደግሞ ወርዶ ፈረስን መሳብ የተለመደ ነው። በወይን ረድፎች መካከል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም፤ ሰኮና እርጥብ አፈርን ይደፈጥጣል፣ የተወጠረው ሽቦም ፈረስ ይጎዳል። የወይን ጠጅ ቅምሻውም ወደ ማታ፣ ፈረሶቹ ውኃ ጠጥተው ገፈራቸውን ካገኙ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ለጉዞው የሚመረጡት ወራት ከኤፕሪል እስከ ጁን፣ እንዲሁም ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ናቸው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ስለሚበረታ ንጋት ላይ መነሣት ግድ ይላል። በሴፕቴምበር አጋማሽ የሚጀምረው የወይን ለቀማ አገሩን ያደምቀዋል፤ ሆኖም ዘለላ የጫኑ ትራክተሮች ጠባቡን መንገድ ስለሚሞሉት፣ መሪዎቹ በእነዚያ ሳምንታት የደኑን መንገድ ይመርጣሉ። የዱር አሳማ አደን ሲከፈት ግን ደኑም ይዘጋል፤ መሪው በየማለዳው አዳኞች የት እንደሚሰማሩ ጠይቆ የቀኑን መንገድ ይወስናል።