በአንድ ዕቅድ የሚለማ ሰፈር፦ የዞን ደንቡና የዲዛይን መስፈርቱ

የተለመደው የዞን ደንብ አሠራሩ ቀላል ነው። ከተማውን በካርታ ላይ ይከፋፍላል። እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ንግድ፣ ከወንዙ ማዶ ፋብሪካ ይላል። ከዚያ ቦታው ቢያንስ ስንት ካሬ መሆን እንዳለበት፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ፣ ቤቱ ከድንበሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይደነግጋል። አንድ ሰው አንድ ቤት ሲሠራ ይህ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው አንድ አልሚ መቶ ሄክታር ይዞ ቤቱንም ሱቁንም ትምህርት ቤቱንም መናፈሻውንም አንድ ላይ ልገንባ ሲል ነው። ደንቡ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ታስቦ አልተጻፈም።

ለዚህ የተገኘው መላ ቦታውን በሙሉ በአንድ ዕቅድ ማልማት ነው። አልሚው ሰፈሩን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ ዕቅዱን ያቀርባል። ምክር ቤቱ መርምሮ ካጸደቀው ዕቅዱ ራሱ የቦታው ሕግ ይሆናል። ነገሩ ሰጥቶ መቀበል ነው። ለአልሚው መደበኛው ደንብ ይላላለታል። ሕዝቡ በምትኩ ክፍት ቦታ፣ ደህና መንገድ ወይም አቅምን ያገናዘበ ቤት ያገኛል። ቢያንስ በወረቀት ላይ።

አሠራሩ በደንብ የዳበረው አሜሪካ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኒውዮርክ ውስጥ ኢኩዊተብል የተባለው ባለ38 ፎቅ ሕንፃ በ1915 ሲያልቅ ቦታውን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ጎረቤቶቹም ብርሃን አጡ። በ1916 ከተማዋ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የዞን ደንብ ስታወጣ፣ ጉዳዩን ካፋጠኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ሕንፃ ነበር። በ1926 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦሃዮዋ ዩክሊድ መንደር ጉዳይ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ዞኒንግ ሕጋዊ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ደንቡ በየከተማው ተዳረሰ።

በዚያው ዘመን ግዛቶች እንዲቀዱት የተሰራጨው ናሙና (ሞዴል) ሕግ ግን አንድ ነገር አጥብቆ ይዞ ነበር። በአንድ ዞን ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ሕንፃ ሁሉ በአንድ ወጥ ደንብ ይዳኝ ይላል። በአንድ ዕቅድ የሚለማ ሰፈር ደግሞ ወጥ አይደለም፤ ለራሱ የተጻፈ ደንብ ነው ያለው። ስለዚህ ሙግት መነሳቱ አልቀረም። ከታወቁት ክርክሮች አንዱ የፔንሲልቬኒያዋ ኒው ሆፕ ነው። የከተማዋ ምክር ቤት ለአንድ ሰፊ መሬት እንዲህ ያለ ዞን ሲፈጥር ነዋሪዎች ከሰሱ። በ1968 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለከተማዋ ፈረደላት።

ሐሳቡ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ሁለት ከተሞች ይጠቀሳሉ። ሮበርት ሳይመን የተባለ አልሚ፣ ካርኔጊ የተባለው የኒውዮርክ የሙዚቃ አዳራሽ ከተሸጠበት ገንዘብ በቨርጂኒያ ሰፊ መሬት ገዝቶ ሬስተንን ጀመረ። የፌርፋክስ አስተዳደር በ1962 ቤትና ሱቅን አቀላቅሎ የሚፈቅድ አዲስ ዞን ያወጣው ለዚሁ ነው። የመጀመሪያው መንደር ሐይቅ ዳር ነው የተሠራው። አደባባዩን ከሱቅ በላይ የተሠሩ ቤቶች ከበውታል። ዲዛይኑ ተወደሰ፤ ሽያጩ ግን አዘገመ። በ1967 ገንዘብ ያበደረው ኩባንያ ሳይመንን ከሥራው አነሳው። በዚያው ዓመት በሜሪላንድ ጄምስ ራውስ የተባለ አልሚ የሠራት ኮሎምቢያ ከተማ ተመረቀች። እሷም ብትሆን ሃዋርድ የተባለው አስተዳደር በ1965 ባወጣው የተለየ ዞን ነው የተሠራችው።

አሁን ወደ ደንቡ ሆድ ዕቃ እንግባ። ትልቁ ጥያቄ ጥግግት ነው፤ ስንት ቤት ይሠራ? 10 ሄክታር መሬት አለን እንበል። መደበኛው ደንብ ለአንድ ቤት ቢያንስ 500 ካሬ ይሰጥ ይላል። 2 ሄክታሩ ለመንገድ ቢሄድ በቀሪው 160 ቤት ይወጣል። ቦታው ሁሉ ተሸንሽኖ አለቀ ማለት ነው። ዛፍ ያለበት ዳገትም ወንዙ ዳርም በየግቢው ተቆራርጦ ይቀራል። በአንድ ዕቅድ ሲለማ የቤቱ ቁጥር 160 ሆኖ የአንዱ ቦታ ወደ 250 ካሬ ይወርዳል። ለቤቶቹ 4 ሄክታር ይበቃል። 4 ሄክታር ሳይነካ ይተርፋል፤ ወንዙም ዳገቱም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። መንገዱም ስለሚያጥር የአልሚው ወጪ ይቀንሳል። ሁለቱም ወገን የሚያተርፍበት ስሌት ይህ ነው።

ፎቅ ሲሆን የሚሠራበት መለኪያ የወለል ስፋት ምጣኔ ነው፤ የወለሎቹ ስፋት ተደምሮ የቦታው ስንት እጥፍ ይሁን ማለት ነው። ቦታው 1,000 ካሬ፣ ምጣኔው 2 ከሆነ በጠቅላላው 2,000 ካሬ ወለል ይፈቀዳል። 500 ካሬ ላይ ባለ4 ወለል መሥራት ይቻላል፤ 200 ካሬ ላይ ባለ10 ወለልም ይቻላል። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሰፈሩ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስለዚህ ምጣኔ ብቻውን ምንም አይልም። የከፍታ ገደብና መሬቱ ምን ያህል በሕንፃ ይሸፈን የሚለው አብረውት መጻፍ አለባቸው።

የዲዛይን መስፈርት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለ ቀለምና ስለ ጣሪያ የሚያወራ ይመስለዋል። እሱም አለ፤ ግን ዋናው ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዴት ይሄዳል የሚለው ነው። የእግረኛ መንገዱ ይቀጥላል ወይስ ግማሽ ላይ ይቋረጣል? ፓርኪንጉ ከሕንፃው ፊት ነው ከኋላ? በኒው ጀርዚ በ1929 የተጀመረው ራድበርን የተባለው ሰፈር ይህን በደንብ አስቦበት ነበር። ቤቶቹን ወደ ጋራ መናፈሻ አዙሮ፣ መኪናውን ከጀርባ አስገብቶ፣ እግረኛው ከመንገድ በታች በዋሻ እንዲያልፍ አደረገ። የኢኮኖሚው ቀውስ መጥቶ ሙሉው ከተማ ባይሠራም ብዙዎች ቀዱት።

መስፈርቶቹ እርስ በርስም ይጋጫሉ። የሰፈር መንገድ ሲጠብ መኪና ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ልጆችም ይጫወታሉ። የእሳት አደጋ መኪና ግን ማለፊያ ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት የእሳት ደንብ ከ6 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ያልተዘጋ ስፋት ይጠይቃል። በመንገዱ ዳርና ዳር መኪና ከቆመ ያ ስፋት አይገኝም። ዲዛይነሩና የእሳት አደጋ ኃላፊው ወረቀት ከመፈረሙ በፊት ካልተነጋገሩ፣ ጭቅጭቁ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቅጽል የበዛበት ደንብ ነው። «ሕንፃዎቹ ማራኪና ከአካባቢው ጋር የሚስማሙ ይሁኑ» ተብሎ ሲጻፍ ማን ይለካዋል? ጉልበትና ጠበቃ ያለው እንደፈለገ ይተረጉመዋል። «ከዋናው መንገድ ጎን ካለው የታችኛው ወለል ግድግዳ ቢያንስ ግማሹ መስኮትና በር ይሁን» ሲባል ግን ሜትር ይዞ ሄዶ ማየት ይቻላል። በፍሎሪዳ የሲሳይድ ከተማ ደንብ የሚወደደው ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ በአንድሬስ ዱዋኒና በኤልዛቤት ፕላተር ዛይበርክ የተጻፈው ይህ ደንብ በሥዕልና በቁጥር አንድ ገጽ ላይ ያለቀ ነበር። የቤቱ በረንዳ ሳይቀር ተለክቶበታል።

ሌላው የሚያመልጥ ነገር የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ዕቅዱ ላይ መናፈሻው ለምልሞ ይታያል። ቤቶቹ ተሸጠው ሲያልቁ የመናፈሻው ቦታ የአሸዋ ክምር ማራገፊያ ሆኖ ይቀራል። ብልህ ከተማ ፈቃዱን በምዕራፍ ያስረዋል። ለምሳሌ መናፈሻው ሳያልቅ ለ80ኛው ቤት ፈቃድ አይሰጥም፤ አልሚው ቢጠፋም የሚያስጨርስ የባንክ ዋስትና ይያዛል። የጋራ ቦታውን ለዘለቄታው የሚይዘው ብዙ ጊዜ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። መዋጮውም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ግዴታ ሆኖ ይመዘገባል፤ ገዢው የፍሳሽ ቱቦና የውስጥ መንገድ ጥገና በእሱ ኪስ መሆኑን የሚያውቀው አንዳንዴ ከገባ በኋላ ነው።

ዕቅድ ደግሞ ይለወጣል። በተለምዶ ትንሹን ለውጥ፣ ለምሳሌ የአንድ ሕንፃ አቀማመጥ ጥቂት መዞርን፣ የፕላን ሠራተኛው ይፈቅዳል። የቤቱን ቁጥር የሚጨምር ወይም ክፍት ቦታውን የሚቀንስ ከሆነ ግን እንደገና ለሕዝብ ቀርቦ ምክር ቤቱ ይወስናል። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር በቁጥር ካልተጻፈ ትልቁም ለውጥ ትንሽ ተብሎ ያልፋል። ብዙ ደንቦች የጊዜ ገደብም አላቸው። አልሚው በተባለው ጊዜ ሥራ ካልጀመረ ፈቃዱ ይወድቃል፤ መሬቱም ወደ ቀድሞው ዞን ይመለሳል።