የአባት መሬት ለማን ይድረስ? ውርስ በቅኝ ግዛት ዘመን አሜሪካ

አውግስቲን ዋሽንግተን በ1743 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ ሲሞት ኋላ የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ልጁ ጆርጅ ገና 11 ዓመቱ ነበር። በኑዛዜው መሠረት ከመጀመሪያ ሚስቱ የተወለደው ታላቁ ልጅ ሎረንስ ኋላ ማውንት ቨርነን የተባለውን ሰፊ መሬት ወሰደ። ለጆርጅ የደረሰው ፍሬድሪክስበርግ አጠገብ ያለው ፌሪ ፋርም የሚባል እርሻና በባርነት የተያዙ 10 ሰዎች ናቸው። አዎ፣ አንድ የ11 ዓመት ልጅ 10 ሰው ወረሰ።

ሎረንስ በ1752 ሞተ። ማውንት ቨርነን ግን ወዲያው የጆርጅ አልሆነም። መጀመሪያ ወራሿ የሎረንስ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እሷም በ1754 አረፈች። ከዚያ በኋላም የሎረንስ ሚስት አን በሕይወት እስካለች ድረስ በመሬቱ የመጠቀም መብት ነበራት። ጆርጅ ለእሷ ኪራይ እየከፈለ ቆየ። ርስቱ የራሱ የሆነው አን በ1761 ስትሞት ነው። አባት፣ ወንድም፣ የወንድም ልጅ፣ የወንድም ሚስት፦ አራት ሰው አልፎ ነው መሬቱ እጁ የገባው።

ይህ ታሪክ የተለየ ሆኖ አይደለም። ያኔ መሬት ማለት እንጀራ ብቻ አልነበረም። ሚስት ለማግባትም፣ ሰው ተብሎ ለመቆጠርም መሬት ያስፈልግ ነበር። ቨርጂኒያ በ1736 ባወጣችው ሕግ በምርጫ ድምፅ ለመስጠት 100 ኤከር ያልለማ መሬት ወይም ቤት ያለበት 25 ኤከር እርሻ መያዝ ግድ ነበር። ስለዚህ አባት ኑዛዜ ሲጽፍ የልጆቹን የወደፊት ዕጣ በሙሉ እየጻፈ ነበር ማለት ይቻላል።

አባት ሳይናዘዝ ከሞተስ? እዚህ ላይ ቅኝ ግዛቶቹ ይለያያሉ። ቨርጂኒያና ሌሎቹ የደቡብ ግዛቶች የእንግሊዝን ሕግ ተከተሉ፤ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ይሄዳል። የሰሜኖቹ ማሳቹሴትስና ኮነቲከት ግን መሬቱን ለልጆች ሁሉ ያከፋፍሉ ነበር፣ ለሴቶቹም ጭምር። የበኩሩ ልጅ ልዩነት እጥፍ ድርሻ ማግኘቱ ነው። ይህን ከየት እንዳመጡት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ኦሪት ዘዳግም 21፥17 ነው። እነዚህን የሰሜን ግዛቶች የመሠረቱት ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች፣ ፒዩሪታኖቹ፣ ከንጉሡ ሕግ ይልቅ የሙሴን ሕግ መረጡ። ማሳቹሴትስ ይህንን በ1641 በጽሑፍ ደነገገች። መሬቱ ቢከፋፈል የሚበላሽ ከሆነም ታላቁ ልጅ ጠቅልሎ ይወስድና ለእህት ወንድሞቹ የድርሻቸውን ግምት በገንዘብ ይከፍላል።

ይህ ልዩነት አንድ ቤተሰብን ለንደን ድረስ አሟግቷል። ዌይት ስቲል ዊንትሮፕ በ1717 ሳይናዘዝ ሞተ። የማሳቹሴትስ መሥራች የሆነው የዊንትሮፕ ዘር ነው፤ መሬቱም ብዙ ነበር። ልጆቹ ጆንና አን ናቸው። በኮነቲከት ሕግ ጆን እጥፍ ይወስዳል፣ ቀሪው የአን ነው። ጆን እምቢ አለ። የእንግሊዝ ሕግ ሁሉንም ለእኔ ይሰጣል ብሎ ተከራከረ። አገር ቤት ሲረታ ባሕር ተሻግሮ ለንጉሡ አማካሪ ምክር ቤት አቤት አለ። በ1728 ምክር ቤቱ ለጆን ፈረደ፤ የኮነቲከትንም ሕግ ሻረ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ሕግ መሬት ተካፍሎ፣ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ገበሬ ሁሉ ምን ያህል ደንግጦ ይሆን! በ1738 ግን በሌላ ክርክር ያው ምክር ቤት የማሳቹሴትስን ተመሳሳይ ሕግ አጸናው። ጆን ዊንትሮፕ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በ1747 እዚያው እንግሊዝ ሞተ።

ሕጉ ያለው አንድ ነገር ነው፣ አባት በቤቱ የሚያደርገው ሌላ። የማሳቹሴትሷን አንዶቨር እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሰፋፊ መሬት ይዘው ነበር። ልጆቻቸው አግብተው፣ በአባት መሬት ላይ ቤት ሠርተው፣ ወልደው ከብደው ይኖራሉ። ሰነዱ ግን በብዙ ቤት በአባት ስም ነው። ልጁ ሊሸጠው አይችልም፤ ተነሥቶ ልሂድ ቢልም ባዶ እጁን ነው። ብዙዎቹ መሬቱን በስማቸው ያገኙት አባት ሲሞት ነው። በእኔ አመለካከት የዚያን ዘመን የአባት ሥልጣን ከስብከቱ ይልቅ ያረፈው በዚህች ሰነድ ላይ ነው። ከሦስትና አራት ትውልድ በኋላ ግን መሬቱ ለሁሉም መብቃት አቃተው። ታናናሾቹ ወደ ኒው ሃምፕሸርና ወደ ሜይን ሄዱ፤ ወይም ሙያ ተማሩ።

ትምህርት ራሱ እንደ ድርሻ ይቆጠር ነበር። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በኩር ልጅ ነው። አባቱ በ1761 ሲሞት ግን ያነሰውን ድርሻ ተወለት፣ ሃርቫርድ አስተምሬዋለሁና። የአባት ቤት የደረሰው ለታናሹ ለፒተር ነው።

ሴቶቹስ? ያገባች ሴት በእንግሊዝ ሕግ ንብረቷ በባሏ እጅ ነው። ባሏ ሲሞት የመሬቱ ሲሶ ይገባታል፣ ግን በሕይወት እስካለች እንድትጠቀምበት ብቻ። መሸጥ አትችልም፤ ስትሞት ወደ ወራሾቹ ይመለሳል። ኒው ዮርክ የሰፈሩት ሆላንዳውያን ከዚህ ይሻሉ ነበር፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ ይናዘዛሉ፣ ሴት ልጅም እኩል ትካፈላለች። እንግሊዞች በ1664 ከተማዋን ከያዙ በኋላ ይህ ልማድ ቀስ በቀስ ጠፋ።

የኒው ኢንግላንድን፣ ማለትም የማሳቹሴትስን፣ የኮነቲከትንና የጎረቤቶቻቸውን፣ ኑዛዜዎች ያነበበ ሰው ልቡ ይነካል። ባል ለሚስቱ አንዲት ክፍል ይተውላታል። በምድጃው የመጠቀም፣ ወደ ጉድጓዱ ውኃ የማለፍ መብት ይጻፍላታል። ልጁ በዓመት ይህን ያህል በቆሎ እንዲሰጣት፣ ላሟን እንዲመግብላት፣ ማገዶ ደጇ ድረስ እንዲያመጣላት ይታዘዛል። የገዛ ቤቷ እኮ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ በቆመችበት ማጀት ለማለፍ ወረቀት አስፈለጋት።

በቨርጂኒያ ደግሞ ሀብታሞቹ ርስትን ለዘር ያስሩ ነበር። መሬቱ ከበኩር ወደ በኩር ብቻ እንዲተላለፍ በኑዛዜ ይወሰናል፤ ወራሹ ዕዳ ቢኖርበትም መሸጥ አይችልም። በ1705 የወጣ ሕግ ይህን እስራት ለመፍታት የምክር ቤት አዋጅ እንዲወጣ አስገደደ። በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ በባርነት የተያዙ ሰዎችን በውርስ ጉዳይ እንደ መሬት ቆጠራቸው። በ1727 እነሱም ከርስቱ ጋር ለዘር እንዲታሰሩ ተፈቀደ። አፈሩ ራሱ ከአገሩ ነባር ነዋሪዎች፣ ከፓውሃታን ሕዝቦች፣ የተወሰደ ነው፤ የእነሱ ልጆች በዚህ ሁሉ ኑዛዜ ውስጥ ስማቸው የለም።

እሱም ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቨርጂኒያዊው ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 ይህን እስራት የሚሽር ሕግ አቅርቦ አጸደቀ። የበኩር ልጅ ጠቅላይነትም በ1785 ተሻረ። ለነጮቹ ታናናሽ ልጆች ትልቅ እፎይታ ነበር። ለባሮቹ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። ከርስቱ ጋር መታሰራቸው ቀርቶ ለመሸጥም ለመከፋፈልም ክፍት ሆኑ። አሳዳሪው ሲሞት ሀብቱ ለልጆቹ ሲካፈል እናት ለአንዱ፣ ልጇ ለሌላው ልትደርስ ትችላለች።